የውሻው ጭንቅላት ያልተጻፈበት ቃለ ጉባኤ

በምክር ቤታችን የማርች አሥራ አራት ቃለ ጉባኤ፣ ስድስተኛው ገጽ፣ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ እንዲህ የሚል ይነበባል፦ «የምክር ቤት አባል ፓሬ፣ የምክር ቤት አባል ታፕሶባ የትምህርት ቤቱን ቦታ ሸጠዋል ሲሉ ተናገሩ። ተቃውሞ አልቀረበም።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፓሬ ይህን ማለቱ እውነት ነው። ተቃውሞ አለመቅረቡም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ተከታትለው ሲነበቡ ግን ውሸት ሆኑ፤ በዚያም ውሸት አንድ ሰው ስማቸውን አጡ።

ኤቫሪስት ባዚዬ እባላለሁ። በዋጋዱጉ ሰሜናዊ ዳር ባለው ክፍለ ከተማችን የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት በአንድ የእርሻ ጣቢያ የዝናብ መለኪያ አንባቢ ነበርኩ። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያው አጠገብ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ከውሃው ልክ ጋር አስተካክዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር፦ ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮህን ሲደበድብ ሰምተህ ብታድር እንኳ፣ ጠዋት መለኪያው ባዶ ከሆነ ዜሮ ጻፍ። የሚጻፈው መለኪያው ውስጥ ያለው እንጂ ጆሮህ ውስጥ የቀረው አይደለም። ይህን ትምህርት ይዤ ነው ወደ ክፍለ ከተማው የመጣሁት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ረሳሁት።

ክፍለ ከተማችን ሁለት ነው። ከአስፋልቱ ወዲህ የተሸነሸነው አለ። መንገዶቹ ሁሉ ስማቸው «ስድስት ሜትር» ነው፤ እንግዳ ቤት ሲጠፋበት «ሦስተኛው ስድስት ሜትር፣ ከዶሎ ጠላ ሻጯ ቀጥሎ» እየተባለ ይመራል። ከግድቡ ማዶ ደግሞ ያልተሸነሸነው አለ። ቤቱ የጭቃ ጡብ ነው፤ በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥር ያለው በር በሽንሸናው ቀን መሬት ይደርሰዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሰው ጣሪያ ሳያበጅ በር ይገጥማል። በአንድ ወቅት ሁለት ቁራጭ ግድግዳ መሃል የቆመ፣ የተቆለፈ በር አይቻለሁ። ባለቤቱን በባዶ ሜዳ ላይ ለምን ትቆልፋለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ቁጥሩን እንዳይሰርቁኝ ነው አለኝ። አልቀለደም። እንዲህ ባለ ቦታ ምክር ቤት ሲሰበሰብ አጀንዳው ጤናም ይሁን መብራት፣ ወሬው ዞሮ መሬት ላይ ይወድቃል።

የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ኖቢላ ታፕሶባ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ከዚያ የሚፈልጉት ሰው። ከግድቡ ማዶ፣ በካርታው ላይ ቁጥር አርባ አንድ የተባለውን ሰፊ ቦታ ለትምህርት ቤት ያስከለሉት እሳቸው ናቸው፤ የማዶ ልጆች ለመማር በግድቡ ክምር ላይ አራት ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። አጥር መሥሪያ ስላልተሰጣቸው በአራቱ ማዕዘን አራት የኒም ችግኝ ተከሉ። በበጋው በየጠዋቱ በሞተር ሳይክላቸው ጀርባ ጀሪካን አስረው ውሃ ያጠጡ ነበር። ዛፍ ያለው መሬት ባለቤት ያለው ይመስላል ይሉ ነበር።

ላሲና ፓሬ ደግሞ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው፤ ወፍራም፣ ጥፍሩ ዘይት የማይለቀው። ታፕሶባ ሞሲ ናቸው፣ ፓሬ ሳሞ። በእኛ አገር ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነው። አንዱ ሌላውን ሎሌዬ ይላል፤ የውሻ ጭንቅላት ለማን ይገባል እያሉም ይጨቃጨቃሉ። አያቶቻቸው በአንድ የውሻ ጭንቅላት ተጣልተው ነበር ይባላል፤ ጠቡ አልቆ ጭንቅላቱ እስከ ዛሬ ቀረ። የተሰደበ ሞሲ ሳሞን አይቀየምም፤ ቢቀየም ነውር ነው። እያንዳንዱ ብሔር የራሱ ተሳዳቢ አለው። እኔ ጉሩንሲ ነኝ፤ የምሳደበው ከቢሳዎች ጋር ነው። ሳሞ በእኔ ላይ የመቀለድ መብት የለውም፣ እኔም በእሱ ላይ የለኝም።

ታፕሶባና ፓሬ ይህን ወግ ከሁሉም አብልጠው ያዙት። ስብሰባ የሚጀመረው እነሱ ሲጨርሱ ነበር። ፓሬ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሎሌው ወንበሩን ጠርጎለት እንደሆነ ይጠይቃል። ታፕሶባ ወንበሩ ተጠርጓል፣ ነገር ግን ያንን ሁሉ መቀመጫ የሚችል ወንበር ክፍለ ከተማው አልገዛም ይላሉ። ከንቲባው እነሱ እስኪጨርሱ ድረስ ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ። እኔም እርሳሴን እቀርጻለሁ፤ ይህን አልጽፍም ነበር።

የዚያ የማርች ቀን መብራት ጠፍቶ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ሦስተኛው አጀንዳ ቁጥር አርባ አንድ ነበር። አሥራ ሁለት ያህል አባላት ቦታው ተቆራርሶ ቁጥር ኖሯቸው መሬት ላጡ ሰዎች ይሰጥ አሉ። ክፉዎች አልነበሩም፤ በየጠዋቱ ደጃቸው ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩባቸው። ሌሎቹ ትምህርት ቤቱ አይነካም አሉ። ድምፅ እየጨመረ ሄደ። አንዱ፣ አርባ አንድን በምስጢር የሚቸበችብ ሰው እዚህ መሃላችን ተቀምጧል ብሎ ዓይኑን ታፕሶባ ላይ ተከለ። ከኋላ አንድ ሰው የሌላውን ኮሌታ ያዘ። ከንቲባው ጠረጴዛውን በውሃ ጠርሙስ ቢደበድቡም የሰማቸው የለም።

ያኔ ፓሬ ወንበር ላይ ወጣ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ዝም በሉ፤ እውነቱን እኔ ልንገራችሁ» አለ። «ይሄ ሎሌዬ የትምህርት ቤቱን ቦታ ሸጧል። ሸጦም የውሻ ጭንቅላት ገዝቶበታል። ለጌታው ጆሮውን እንኳ ሳያስቀር ብቻውን ግጦ ጨርሶ፣ አሁን አፉን ጠርጎ ስለ ትምህርት ቤት ያወራልናል።»

ታፕሶባ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ጭንቅላቱንማ አስቀምጬልህ ነበር» አሉ። «ጅራቱን በልተህ ከተዘረርክ በኋላ ማን ችሎ ይቀስቅስህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮሌታ የያዘው ሰው ለመሳቅ ሲል ኮሌታውን ለቀቀ። ዓይኑን ታፕሶባ ላይ የተከለው ራሱ እንባውን ጠረገ። እንዲህ ያለው ቀልድ የሚቀመጠው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ የከበደውን ክስ አንስተህ የውሻ ጭንቅላት ትጨምርበታለህ፣ ከዚያ በኋላ ክሱን ማንም ቀና ብሎ መድገም አይችልም። ድምፅ ተሰጠ። በአሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ሁለት፣ ቁጥር አርባ አንድ ለትምህርት ቤት ጸደቀ።

በማግስቱ ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ ንጹሑን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ንግግሩ በሞሲዎች ቋንቋ በሞሬ ነበር፣ ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። መመሪያው ስድብ፣ ቀልድና ጫጫታ አይመዘገብም ይላል። ስለዚህ «ይሄ ሎሌዬ» የሚለውን ሰርዤ «የምክር ቤት አባል ታፕሶባ» አልኩ። አንተ የተባሉትን አንቱ አደረግኳቸው። የውሻውን ጭንቅላት ከነጆሮው አወጣሁ። የታፕሶባ መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀልድ ስለነበር ሙሉውን ሰረዝኩት። ከእያንዳንዱ ንግግር በታች ተቃውሞ መቅረብ አለመቅረቡን መሙላት ግዴታ ነው፤ አልቀረበም ብዬ ሞላሁ።

ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ያልሰረዝኩት ለምንድን ነው ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አንዱ ምክንያት፣ ከጭቅጭቁ በኋላ ድምፁ እንዴት እንደመጣ የሚያሳይ አንድ ንግግር መኖር አለበት ብዬ ማሰቤ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። መስመሩን መልሼ ሳነበው ፈገግ አልኩ። ሳቁ አሁንም ይሰማኝ ነበር። ዝናቡን ጆሮዬ ውስጥ ይዤ መለኪያው ባዶ መሆኑን አላየሁም።

በኤፕሪል ስብሰባ ቃለ ጉባኤው እንደተነበበ ተቆጥሮ ጸደቀ። ማንም አላነበበውም። ፓሬ ፈረመ፣ በጣቱ የዘይት አሻራም ተወበት። ታፕሶባም መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ ፈረሙ።

በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከግድቡ ማዶ ሁከት ተነሳ። ቁጥራቸው ከዝርዝር የወጣ ሰዎች ጎማ አቃጠሉ፤ መንግሥት ሽንሸናውን አቁሞ ሦስት ሰዎች ያሉበት የቁጥጥር ቡድን ላከ። ለዘጠኝ ቀን ከእኔ ክፍል ሁለት በር ወዲያ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ሲጠይቁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን በየዓመቱና በየወሩ አድርጌ፣ በካርቶን ላይ ምልክት ለጥፌ አቀረብኩላቸው። የቡድኑ መሪ ሳኑ የሚባል ረጋ ያለ የቦቦ ሰው ነበር። በአገሩ ሁሉ ዞሮ እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳላየ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

በአራተኛው ቀን አስጠራኝ። አንድ ገጽ ፊቱ ላይ ተዘርግቷል፣ እጁ ግን ሸፍኖታል።

«መዝገቡ ትክክል ነው?» አለኝ።

«እኔ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው» አልኩ።

እጁን አነሳ። አሥራ አንደኛውን መስመር አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ሳይኖርበት አነበብኩት።

ፓሬ ይህን ብሏል ወይ አለኝ። ብሏል። ታፕሶባ ተቃውመዋል ወይ አለኝ። መልሰዋል እንጂ ተቃውሞ አልነበረም አልኩ። ከዚያ ቶሎ ብዬ፣ ሰውየው ሳሞ ነው፣ እሳቸው ሞሲ ናቸው፣ ቀልድ ነበር አልኩት። ሳኑ ጣቱን በመስመሩ ላይ ሄድ መለስ አደረገ።

«እኔም ቦቦ ነኝ። ጎረቤቴ ፉላኒ በየጠዋቱ ሎሌዬ እያለ ይቀሰቅሰኛል» አለኝ። «ቀልድ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ቀልዱ የት አለ? አሳየኝ።»

ደብተሬ ውስጥ አለ አልኩት። ደብተሩን ከደብዳቤ ጋር አምጣ አለኝ። ደብዳቤው ደብተሩና ቃለ ጉባኤው ለምን እንደተለያዩ የሚያስረዳ፣ በእኔ ፊርማ የሚወጣ ይሁን አለ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። መንገዱን ነው ያሳየኝ። ነገር ግን ያ ደብዳቤ፣ ጸሐፊው የተነገረውን ቀይሮ ጻፈ የሚል ደብዳቤ ነው። ለጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶኝ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ደብዳቤውን ጀመርኩ። ከሁለት መስመር በኋላ፣ ከክፍለ ከተማው ወደ ውጭ የሚወጣ ደብዳቤ በከንቲባው በኩል እንደሚያልፍ አስታወስኩ። ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይላል። ወደ ከንቲባው ሄድኩ። አዳመጡኝ፤ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚታረመው ራሱ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ብቻ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ልጠብቅ አሉ። ይህም ትክክል ነው። ቡድኑ ታፕሶባ ላይ ሲያተኩር ሌላ ሰነድ እንደማይከፍት ከንቲባው ያውቁ እንደነበር ዛሬ አስባለሁ፤ ያኔ ግን ማሰብ አልፈለግኩም። ትክክለኛ አሠራር ሰውን እንዴት ደስ እንደሚያሰኝ የሚያውቀው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። አምስት ቀን፣ ሁለት በር ወዲያ ተቀምጠው ሳለ፣ በኮሪደሩ አልፋቸው ነበር። እጅ ነስቼ እሄዳለሁ። በዘጠነኛው ቀን መኪናቸው ላይ ካርቶኖቼን ጭነው ሄዱ።

ስብሰባው ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ታፕሶባ ከኮሚቴ ሰብሳቢነታቸውና ከምክር ቤት አባልነታቸው ታገዱ፤ ማስታወቂያው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተገልጿል፦ «በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ የተመዘገበና ያልተስተባበለ ውንጀላ።» የማዶ ሰዎች በየተራ እየመጡ አነበቡ። ማንበብ የማይችሉት አስነበቡ። በሳምንቱ በታፕሶባ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ቁጥር በሚጻፍበት በዚያው ቀይ ቀለም፣ «41 የት ገባ» ተብሎ ተጽፎ አደረ።

ወደ እኔ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ነበር። ቁጭ ሳይሉ ቃለ ጉባኤውን ጠየቁኝ፤ ቅጂውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወረዱ። ገጽ ስድስትን አንብበው ወደ ገጽ ሰባት ገለበጡ፣ እዚያም የሚፈልጉትን ሲያጡ ወደ ስድስት ተመለሱ። ሰው የጠፋበትን ዕቃ ሁለቴ አንድ ኪስ ውስጥ እንደሚፈልገው።

«ባዚዬ ታናሼ» አሉኝ፣ «የውሻውን ጭንቅላት የት ጣልከው?»

መመሪያውን ነገርኳቸው። ስድብና ቀልድ አይመዘገብም አልኩ።

«ስለዚህ ጭንቅላቱን ወስደህ ሽያጩን ለእኔ ተውክልኝ።»

ደብዳቤ እንደጀመርኩ፣ ከንቲባው ጠብቅ እንዳሉኝ፣ እንደማስተካክለው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርስ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዘግይቶ የመጣ መድኃኒት አይተው ያውቃሉ። ሊወጡ ሲሉ በሩን ይዘው ቆሙ። ማስታወቂያውንም የግድግዳውንም ጽሑፍ መሸከም እችላለሁ አሉኝ። የከበዳቸው ሌላ ነበር።

«ፓሬ ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ‹እንደምን አደሩ፣ ክቡር የምክር ቤት አባል› አለኝ። እርስዎ አለኝ፣ ባዚዬ። ሃያ ዓመት ሲሰድበኝ ኖሮ እርስዎ አለኝ።»

ፓሬ ለምስክርነት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ነበር። ቀልድ ነው ብሎ ቢምልም፣ ከእንግዲህ የምትናገረው ሁሉ ይጻፋል ብለውታል። እኔ ከፓሬ ጋር በዚያ ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ተነጋግሬያለሁ። አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ሰው እስክሪብቶ የሚያነሳ እንደሚመስለው ነገረኝ። ይህን ሲለኝ የደረት ኪሴን እያየ ነበር፤ እስክሪብቶዬ እዚያ ነበር።

ደብዳቤውን የጨረስኩት ጁላይ ላይ ነው። በከንቲባው በኩል አላሳለፍኩትም። የደብተሬን ገጽ፣ ከነሎሌው፣ ከነጭንቅላቱና ከነጅራቱ፣ በጥንቃቄ ቀድጄ አያይዤ፣ ራሴ ሚኒስቴሩ ድረስ በሞተር ሳይክል ወስጄ አስገባሁ። ማኅተም ተመታበት። በተራው ይታያል ተባልኩ። ይህን ለማድረግ የወሰደብኝ ግማሽ ቀን ነው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ ግን ስድስት ወር አለፈ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። በኖቬምበር ሰባት ቀን መጣ። በታፕሶባ ላይ ምንም ማስረጃ አልተገኘም፣ እገዳው ተነስቷል ይላል። ስለ እኔ አንድ ቃል የለበትም፤ ማንም አልቀጣኝም። ታፕሶባ ከተቀበሩ አሥራ አንድ ቀን ሆኖ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲል ነው የሞቱት። ትኩሳት ሦስት ቀን ያዛቸው፤ ከዚያ ልባቸው ቆመ። በቀብሩ ጠዋት ግቢያቸው ሞልቶ ሰው እስከ ስድስት ሜትሩ ድረስ ቆሞ ነበር። ሆኖም ዝምታው ደስ አይልም ነበር። ሰው የመጣው ለባለቤታቸው ለቴኔ ብሎ እንጂ ለእሳቸው መምጣቱ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም። በውጭው ግድግዳ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ተፍቆ እንኳ ይነበብ ነበር። ከማዶ የመጡት ሰዎች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመው ነበር።

ሳጥኑ ከቤት ወጣ። በወጉ ሞሲ ሲቀበር ሳሞዎቹ መንገድ ይዘጋሉ። የሟቹን ልብስ ለብሰው አካሄዱን ያስመስላሉ፣ ሬሳውን ይሰድባሉ፣ ካልተከፈለን አያልፍም ይላሉ። ሐዘንተኛ እንባውን ሳያብስ ይስቃል። የሰፈሩ ሳሞዎች ሁሉ ፓሬን አዩ። ፓሬ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቆሞ ነበር። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉለት። አልተነቃነቀም።

ቴኔ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ፓሬ» አለችው፣ «ባሌ ሳይሰደብ ሊቀበር ነው? ምን አደረገህ?»

ፓሬ አያት። ከዚያ እኔን ፈለገ፤ ወይም እስክሪብቶዬን። ኪሴ ባዶ ነበር፤ ያን ቀን ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። ከግድግዳው ሥር ታፕሶባ ችግኝ የሚያጠጡበት ጀሪካን ተቀምጧል። ፓሬ ሄዶ አነሳው። ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ እንደ መነጽር ገፋ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በባዶው ጀሪካን ከሳጥኑ አራት ማዕዘን ሥር መሬቱን አንድ በአንድ አጠጣ። የታፕሶባ እርምጃ ነበር፣ የቀኝ እግራቸው ትንሽ መጎተት እንኳ አልቀረም። ከዚያ በዚያ ወፍራም ሰውነቱ ከሳጥኑ ፊት መሬት ላይ ተዘረፈጠ።

«አያልፍም» አለ። «ይሄ ሎሌዬ የትምህርት ቤቱን ቦታ ሸጦ የውሻ ጭንቅላት ገዛ። አሁን ደግሞ ጭንቅላቱን ሳይሰጠኝ በሳጥን ተደብቆ ሊያመልጠኝ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ቴኔ ናት። ቀጥሎ አንድ የማዶ ሰው ሳቀ፤ በሹክሹክታ «የውሻ ጭንቅላት?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀው፤ ጎረቤቱ ነገረው፣ እሱም ለሌላው። ወሬው በስድስት ሜትሩ ላይ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። የተለጠፈው ማስታወቂያ ስምንት ወር ሙሉ ያልነገራቸውን በአንድ ደቂቃ ሰሙ። ሰዎች ጀርባቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱ፤ ቀዩን ጽሑፍ ዘወር ብለው አዩት፣ አንዳንዶቹም አንገታቸውን ደፉ።

ተሸካሚዎቹ እንደ ወጉ ኮላ ፍሬ አቀረቡለት፣ አልተቀበለም። ዶሎ አመጡ፣ ጠጣና አልተነሳም። ጭንቅላቱ ካልመጣ አልነሳም አለ።

«ጸሐፊው የት አለ?» አለ። «ጭንቅላቱ እሱ ጋ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሳሞ በጉሩንሲ ላይ አይቀልድም። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ የተናገረው ቀልድ አልነበረም። ወደ ፊት ወጣሁ። ሳጥኑ በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ፣ ፓሬ ከሥሩ ጀሪካኑን አቅፎ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ ትክክለኛ የሆነውን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ጋ ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው፣ ያ ጥርሱን ለማንም የማያሳየው ባዚዬ፣ በመጨረሻ መቀለድ ለመደ አሉ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተሸካሚዎቹ ስለሳቁ ሳጥኑን እንዳይጥሉት ለአፍታ መሬት አሳረፉት።

ፓሬ አልሳቀም። ቴኔም አልሳቀችም። እሱ እያየኝ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከሱሪው ላይ ቀዩን አቧራ አራገፈ፣ ጀሪካኑን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ ከመንገዱ ዞር አለ።

ሳጥኑ አለፈ። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በቁጥር አርባ አንድ በኩል ነው። የትምህርት ቤቱ መሠረት ገና አልተቆፈረም። አራቱ ኒሞች ግን ከሰው ቁመት በላይ አድገዋል፤ የመጨረሻው፣ በግድቡ በኩል ያለው፣ ከሌሎቹ ትንሽ ያጥራል። ጀሪካኑን ይዤ ከሰልፉ መጨረሻ ስሄድ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ መድረቁን አየሁ።